ምን አጥፍቶ ጠፋ?

የዛሬው ጽሑፌ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ስለ ዋልያ ነው። የምጀምረው ግን ከቦሎቄ ነው።

የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ሰሞኑን ክፍል ውስጥ አንዲት ተማሪዬ የጠየቀችኝ ጥያቄ ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኛል። የዕለቱ ርዕስ «ጄኔቲክ ድሪፍት» ነበር፤ ተማሪ ትርጉሙን ሸምድዶ፣ ፈተና ላይ ጽፎ፣ በማግስቱ የሚረሳው ዓይነት ርዕስ። ዘንድሮ ግን በእጃቸው ይሞክሩት ብዬ ከቤት ቀይና ነጭ ቦሎቄ ቋጥሬ ሄድኩ።

ስድስት ቡድን አደረግኋቸው። ለእያንዳንዱ ቡድን በፌስታል አምስት ቀይና አምስት ነጭ ቦሎቄ ሰጠሁ። ጨዋታው ቀላል ነው። ሳያዩ አንድ ፍሬ ያወጣሉ፣ ቀለሙን ይመዘግባሉ፣ ፍሬውን ይመልሳሉ። ይህን አሥር ጊዜ ያደርጋሉ። የተመዘገበው አሥር ቀለም ቀጣዩ ትውልድ ይሆናል። ስድስት ቀይና አራት ነጭ ከወጣ ፌስታሉ በስድስት ቀይና በአራት ነጭ ይሞላል፤ ከዚያ እንደገና ዕጣ ይወጣል። ከኋላ የሚቀመጡትን ደግሞ አንድ ትልቅ ቡድን አድርጌ ሃምሳ ቀይና ሃምሳ ነጭ ሰጠኋቸው። በየዙሩ መቶ ጊዜ ማውጣት ስላለባቸው አጉረመረሙ፤ ግን ሠሩት። ሁለት ክፍለ ጊዜ ፈጀብን።

አሥራ ሁለት ዙር ስንጨርስ ውጤቱን ሰሌዳ ላይ ጻፍን። ከስድስቱ ትናንሽ ቡድኖች በሦስቱ አንዱ ቀለም ድራሹ ጠፍቷል። በሁለቱ ቀዩ፣ በአንዱ ነጩ። መቶ ፍሬ የያዘው የኋለኛው ቡድን ግን 43 ቀይና 57 ነጭ ላይ ነው ያለው። ትንሽ ወዲህ ወዲያ አለ እንጂ ማንም አልጠፋበትም።

ቀዩ ከጠፋባቸው ቡድኖች አንዷ ልጅ እጇን አወጣችና፣ «ቲቸር፣ የእኛ ቀዩ ምን አጥፍቶ ነው የጠፋው?» አለችኝ።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅሁ። በኋላ ግን ሳስበው ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አስተማሪ ሆኜ ሰምቼ አላውቅም።

ቀዩ ምንም አላጠፋም። ከነጩ አላነሰም፣ አልታመመም፣ ማንም መርጦ አላወጣውም። ዕጣው በዚያ ዙር ሳይወጣለት ቀረ፤ በሚቀጥለው ዙር ቁጥሩ አነሰ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ዕጣው የመውጣት ዕድሉ ይበልጥ ጠበበ። አንድ ቀን ዜሮ ላይ ወደቀ። ዜሮ ላይ ከወደቀ በኋላ ደግሞ ሺህ ጊዜ ዕጣ ብታወጡ አይመለስም። ፌስታሉ ውስጥ የለማ!

ጄኔቲክ ድሪፍት ማለት በቃ ይኸው ነው። ምንም ሳያጠፉ መጥፋት።

ስለ ዋልያ ስናወራ ይህን ነገር ጨርሶ እየረሳነው ነው የሚል ስጋት አለኝ። «ዘንድሮ ስንት ደረሰ?» እንላለን። ቁጥሩ ከጨመረ እናጨበጭባለን፣ ከቀነሰ እናዝናለን፣ ከዚያ እስከሚቀጥለው ቆጠራ ድረስ እንረሳዋለን። የዋልያ ዕዳ ግን በራስ ቆጠራ ብቻ የሚታይ አይደለም። ቁጥሩ ተመልሶ እንኳ የማይመለስ ነገር አለ። ልጽፍ የተነሳሁት ስለዚህ ነው።

እስቲ ከቦሎቄው ወደ እንስሳው እንሂድ።

እያንዳንዱ እንስሳ ከአባቱ አንድ፣ ከእናቱ አንድ፣ በድምሩ ሁለት ቅጂ ጂን አለው። ሲወልድ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው የሚያወርሰው። የትኛውን? ዕጣ ነው። ስንት ልጅ ይወልዳል? የትኛው ልጁ ያድጋል፣ የትኛው ከገደል ይወድቃል? እዚህም ውስጥ ብዙ ዕጣ አለ። ብዙ ሺህ እንስሳ ባለበት የአንዱ ዕድለ ቢስነት በሌላው ዕድለኝነት ይካካሳል። ሃያ ሠላሳ ብቻ ሲሆኑ ግን የሚያካክስ የለም። አንድ የተለየ ጂን የያዘው ብቸኛ ወጠጤ ሳይወልድ ገደል ከገባ ያ ጂን አብሮት ገባ ማለት ነው።

ይህ በግምት የሚነገር ነገር አይደለም፤ ሂሳብ አለው። በአንድ ትውልድ የሚጠፋው የዘር ልዩነት አንድ ለሁለት እጥፍ የወላጆቹ ቁጥር ነው። አሥር ወላጅ ካለ በየትውልዱ ከመቶ አምስት እጅ ይጠፋል። ሃምሳ ካለ ከመቶ አንድ። አምስት መቶ ካለ ከሺህ አንድ። ትንሽ ይመስላል አይደል? ሃያ ትውልድ ቁጠሩበት። አሥር ወላጅ ብቻ ያለው መንጋ ከነበረው ልዩነት የሚቀረው 36 ከመቶ ገደማ ነው። ሃምሳ ያለው 82 ከመቶ ያህል ይቀርለታል። አምስት መቶ ያለው ግን 98 ከመቶ እንደያዘ ነው። ዘመኑ አንድ፣ ተራራው አንድ፤ ልዩነቱ የመንጋው ትልቅነት ብቻ።

(ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፒተር ቡሪ የሚባል ተመራማሪ በ1956 ያሳተመው ሙከራ የእኔን የቦሎቄ ጨዋታ በእውነተኛ ፍጥረት ላይ ያደረገ ነው። በፍራፍሬ ዝንብ ነው የሠራው። 107 ጠርሙስ አዘጋጀ፤ በእያንዳንዱ ጠርሙስ ስምንት ወንድና ስምንት ሴት ዝንብ። በሁሉም ውስጥ የዓይን ቀለምን የሚወስን ጂን ሁለት ዓይነት እኩል በእኩል ነበር። በየትውልዱ በዘፈቀደ አሥራ ስድስት ዝንብ ብቻ እየወሰደ አስቀጠለ። በ19ኛው ትውልድ በ30 ጠርሙስ አንደኛው ዓይነት ጨርሶ ጠፍቷል፤ በ28 ጠርሙስ ደግሞ ሌላኛው ጠፍቷል። ከመቶ ሰባቱ ከግማሽ በላይ አንዱን አጡ ማለት ነው። ሲጀምሩ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ነበሩ፤ ምግባቸውም አንድ ዓይነት ነበር።

አንድ ሌላ ክፉ ጎን አለው። በትልቅ መንጋ ውስጥ ጎጂ ጂን ሲመጣ ተፈጥሮ ቀስ ብላ ታጣራዋለች። ከመቶ አንድ ያህል የሚወልዳቸውን ልጆች የሚቀንስ ጂን እንኳ በብዙ ሺህ መካከል ውሎ አድሮ ይጣራል። ሃያ ወላጅ ብቻ ባለበት መንጋ ግን ዕጣው ከወንፊቱ ይበረታል። ጎጂውም እንደ ደህናው ዕድሉን ይሞክራል፤ አንዳንዴም ያሸንፍና ሁሉም ውስጥ ይገባል። ትንሽ መንጋ ጥሩውን ሳያጠፋ ያጣል፣ መጥፎውን ሳይመርጥ ይወርሳል።

በሰውም ላይ ደርሷል። ፒንገላፕ የምትባል በፓስፊክ ውቅያኖስ ያለች ትንሽዬ ደሴት አለች። በ1775 ገደማ ከባድ አውሎ ነፋስ መታትና ከነዋሪዎቿ የተረፉት ሃያ ያህል ብቻ ነበሩ። ከተረፉት አንዱ ምንም ቀለም እንዳይለዩ የሚያደርግና የቀን ብርሃን ዓይን የሚያስጨንቅ ጂን ይዞ ነበር። ዛሬ ከደሴቲቱ ሕዝብ ከመቶ አምስት እስከ አሥሩ ይህ ችግር አለበት። በሌላው ዓለም ይህ ከብዙ አሥር ሺህ ሰው በአንዱ ብቻ የሚታይ ነገር ነው። አውሎ ነፋሱ ጂን አይቶ አልመረጠም። ማን ዛፍ ላይ እንደወጣ፣ ማን ውሃ እንደወሰደው ብቻ ነው።

ይኸው ነገር በእኛው አገር ስምም ይነገራል። የሰው ልጅ ከአፍሪካ ወጥቶ ዓለምን ሲሞላ በየደረጃው ጥቂት ጥቂት ሰው ነበር እየተቆረጠ ወደፊት የሄደው። እያንዳንዱ ጥቂት ቡድን ከኋላው ከነበረው ልዩነት ከፊሉን ብቻ ይዞ ሄደ። ስለዚህ ከምሥራቅ አፍሪካ እየራቃችሁ በሄዳችሁ ቁጥር የሰው የዘር ልዩነት እየሳሳ ይሄዳል። በ2005 ይህን ያሳዩ ተመራማሪዎች ርቀቱን በየብስ መንገድ ሲለኩ መነሻ ያደረጉት አዲስ አበባን ነው! ብዙ ሰው ይህን ለኩራት ይጠቅሰዋል። እኔ ግን ለትምህርት ይሁነን እላለሁ። ጥቂት ሆኖ የሄደ ሁሉ የሆነ ነገር ትቶ ይሄዳል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ ተራራው።

የተወለድኩት ከደባርቅ ብዙም በማይርቅ ገጠር ነው። ልጅ ሆኜ ፍየል እጠብቅ ነበር፤ እና አልዋሽም፣ ሣሩ ሲጠፋ ፍየሎቼን ይዤ ፓርኩ ውስጥ የገባሁበት ቀን ብዙ ነው። አንድ ቀን አባቴ ገደሉ አፋፍ ላይ አስቀምጦ ቁልቁል አሳየኝ። «ያውልህ» አለኝ። መጀመሪያ ድንጋይ መሰለኝ። ከዚያ ድንጋዩ ቀንዱን አዞረ። ያ ቀንድ፣ ወደ ኋላ እንደ ማጭድ የተቆለመመው፣ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። አባቴ፣ «ይሄ ከዚህ ሌላ አገር የለውም» ሲለኝ ነገሩን እንደ ሙገሳ ነበር የወሰድኩት። ዛሬ ሳስበው ማስጠንቀቂያም ነበር።

ዋልያ በዱር የሚኖረው በሰሜን ተራሮች ብቻ ነው። በ1960ዎቹ ከአደን ብዛት የተነሳ የቀሩት ሁለት መቶ እንኳ አይሞሉም ተብሎ ነበር። ፓርኩ ተቋቋመ፤ በ1978 ከላሊበላ ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ መጀመሪያ ከገቡት መካከል ሆነ። በ1996 ደግሞ አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገባ፤ የወጣው በ2017 ነው። በመሃል ብዙ ተደክሟል። ቁጥሩም አንሠራርቶ ነበር። ከፓርኩ መሃል የግጭ ነዋሪዎች ቀያቸውን ለቀው ደባርቅ ሰፍረዋል። ይህን ዋጋ የከፈለ ሰው ስላለ ነው ነገሩን በግማሽ ልብ መሥራት ነውር የሚሆነው።

እንግዲህ ሁለት መቶ ካልሞላ መንጋ የተነሳ ዘር ቁጥሩ ቢያድግ እንኳ ፌስታሉ ውስጥ የቀረው ቀለም ያኔ የተረፈው ብቻ ነው። በ2009 የታተመ የዘረመል ጥናት በዋልያ መካከል ያለው የዘር ልዩነት እጅግ አነስተኛ መሆኑን አሳይቷል። የሚገርም አይደለም። ሂሳቡ የሚለው ይህንኑ ነው።

«እሺ፣ አሁን ያሉት ግን በመቶዎች አይደሉ እንዴ?» ትሉኝ ይሆናል። እዚህ ላይ ነው ቆጠራው የሚያታልለን። በሁለት መንገድ።

አንደኛ፣ ለዘር የሚቆጠረው ሁሉም ራስ አይደለም። ዋልያ ወንዱ በቀንድ ተፋልሞ ነው ሴት የሚያገኘው። ጥቂት ጉልበተኞች ብዙውን ያስወልዳሉ፤ የቀረው ወንድ ተመልካች ነው። መቶ ሴትና የሚያስወልዱ አሥር ወንዶች ብቻ አሉ እንበል። ራስ ስትቆጥሩ መቶ አሥር ነው። በዘር ሂሳብ ግን ይህ መንጋ ልዩነት የሚያጣው እንደ 36 እንስሳ መንጋ ነው። ምክንያቱም የሚቀጥለው ትውልድ ግማሽ ዘሩን የሚያገኘው ከእነዚያ አሥር ወንዶች ብቻ ነው። ቀንዱ ያማረውን ትልቁን ወንድ መርጦ የሚተኩስ አዳኝ ምን እንደሚያደርግ አስቡት።

ሁለተኛ፣ አንድ ክፉ ዘመን ብዙ ደግ ዘመን ይበላል። አንድ መንጋ በአራት ትውልድ ሺህ ሺህ ሆኖ፣ በአንድ ትውልድ ብቻ ወደ ሃምሳ ቢወርድ፣ ተራ አማካዩ 810 ነው። ለዘር ግን እንደ 208 ነው የሚቆጠረው። ትውልዶቹ እንደ ተከታታይ ወንፊት ናቸው፤ ጠባቡ ወንፊት ያስቀረውን የሚቀጥለው ሰፊ ወንፊት አይመልሰውም። ለዚህ ነው «ችግር የለም፣ ሰላም ሲሆን ይራባሉ» የሚለው ወሬ የሚያሳምመኝ። አዎ፣ ይራባሉ። የሚራቡት ግን የተረፉት ናቸው።

አንዳንድ አገር ይህ ሲደርስ መድኃኒት ተገኝቷል። የፍሎሪዳ ፓንተር የሚባለው ትልቅ ድመት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሃያ ሠላሳ ብቻ ቀርቶ ነበር። ጅራታቸው የተቆለመመ፣ ልባቸው ሲወለድ ጀምሮ ችግር ያለበት፣ ወንዶቹ ፍሬያቸው በአግባቡ ያልወረደ ብዙ ነበሩ። በ1995 ከቴክሳስ ስምንት ሴቶች መጥተው ተለቀቁ፤ አምስቱ ወለዱ። ከዚያ በኋላ ያ ሁሉ እንከን ቀነሰ፤ ቁጥሩም ከመቶ በላይ ወጣ። አዲስ ደም ገባ ማለት ነው። ጎረቤት አበደረ።

ዋልያ ግን ከማን ይበደራል?

ይህን ጥያቄ ቁጭ ብላችሁ አስቡበት። ሌላ ተራራ ላይ ሌላ የዋልያ መንጋ የለም። በጣም የሚቀርበው ዘመዱ በቀይ ባሕር ዳርቻና በአረብ በረሃ ያለው የኑቢያ አይቤክስ ነው፤ እሱም እጅግ ከረጅም ዘመን በፊት የተለየ፣ ለበረሃ የተፈጠረ ሌላ ዝርያ ነው። ስለዚህ ሰሜን ተራሮች ላይ ከፌስታሉ የወጣው ቀለም በቃ ወጣ። አበዳሪ የሌለው ሰው ገንዘቡን እንዴት ይይዛል? እኛ እንደዚያ እየያዝን ነው ወይ?

የአውሮፓው ዘመዱ ታሪክ ጥሩ መስተዋት ነው። የአልፕስ አይቤክስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአደን ከማለቁ የተነሳ ጣሊያን ውስጥ ግራን ፓራዲሶ በሚባል ተራራ መቶ ያህል ብቻ ቀርተው ነበር። ንጉሡ ቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ በ1856 አካባቢውን የራሳቸው አደን ቦታ አድርገው አስጠበቁት፤ ለእሳቸው ተብሎ የተጠበቀው እንስሳ ተረፈ። ስዊሶች ደግሞ ከ1906 ጀምሮ ግልገሎችን በድብቅ እያስመጡ አራቡ፣ ከ1911 ጀምሮ ተራራ ላይ ለቀቁ። ዛሬ በአልፕስ ከ50,000 በላይ አይቤክስ አለ። ከመቶ ወደ ሃምሳ ሺህ! ከዚህ በላይ ስኬት ከየት ይመጣል?

ግን ጂናቸው ሲነበብ ሌላ ታሪክ ወጣ። መጀመሪያ የተለቀቁት ጥቂት ነበሩ፤ ከእነሱ ተቀንሶ ሌላ ተራራ ላይ ጥቂት ተለቀቀ፤ ከዚያም ላይ ተቀንሶ ሌላ ቦታ። ከአፍሪካ የወጡት ሰዎች ታሪክ በትንሹ ተደገመ። በየደረጃው የሆነ ነገር ቀረ። በ2020 የታተመ ጥናት፣ በጣም ገዳይ የሆኑት ጎጂ ጂኖች ተጣርተው ቢወጡም ለዘብ ያሉት ጎጂዎች ግን እንደተከማቹ አሳይቷል። ቀደም ብሎ በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የዘር መቀራረብ የበዛባቸው መንጋዎች ዕድገታቸው የተጎተተ መሆኑን አገኘ። ይባስ ብሎ በሽታ መከላከልን ከሚመለከቱት ጂኖቻቸው አንዱ ዓይነት ከቤት ፍየል የተገኘ ሆኖ ተገኘ። ከልዩነት ርሃብ የተነሳ ከፍየል ተበደሩ እንደ ማለት ነው።

«እንግዲያው ዋልያም ከፍየል ይበደር» የሚል ካለ፣ ወዳጄ፣ ቀስ በል። ሺህ ፍየል ባለበት ሦስት መቶ ዋልያ ቢደባለቅ ብድሩ ብድር አይሆንም፤ ውርስ ይሆናል። በስሙ ዋልያ የሚባል ፍየል ነው የሚቀረን። ይህን የምለው ልጅ ሆኜ ፍየል ይዤ የገባሁት እኔው ነኝ። የእረኛው ልጅ ጥፋት ነው ብዬም አልደመድምም፤ ሌላ ሣር ቢኖረኝ ኖሮ ያን ገደል አልወጣውም ነበር።

አሁን ተቃውሞውን ላንሳ፤ ምክንያቱም እውነት አለው። አንድ የልጅነት ጓደኛዬ ፓርኩ ውስጥ ስካውት ሆኖ ብዙ ዓመት ሠርቷል። ይህን ሁሉ ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝና፣ «አንተ ስለ ጂን ታወራለህ፣ እኛ ስለ ጥይት እናስባለን» አለኝ። ትክክል ነው። በአካባቢው ጦርነት ባለፈ ቁጥር ጥበቃ ይላላል፣ መሣሪያ ይበዛል፣ የተራበም ሰው ይበዛል። ዋልያ ነገ የሚሞተው በጥይት እንጂ በጄኔቲክ ድሪፍት አይደለም። መጀመሪያ ጥይቱ ይቁም። ስካውቱም ደመወዙን በጊዜው ያግኝ፤ በባዶ ሆድ ገደል አይጠበቅም።

ግን ጓደኛዬን እንዲህ አልኩት፦ ሁለቱ አንድ ነገር ናቸው። ጥይቱ ዛሬ አንድ እንስሳ ይገድላል፤ መንጋው ባነሰ ቁጥር ደግሞ ዕጣው ነገ የቀሩትን ይገድላል። ትንሽ መንጋ ላይ የተተኮሰ ጥይት ሁለቴ ነው የሚመታው። አንድ ሺህ ባለበት አንድ ወንድ ቢሞት ያሳዝናል። ጥቂት በቀሩበት አንድ ወንድ ቢሞት ምናልባት ከዚያ ወንድ በቀር ማንም ያልነበረው ነገር አብሮ ይቀበራል። ስለዚህ የጂኑ ነገር ሰላም ሲሆን የሚታሰብ ቅንጦት አይደለም። እንዲያውም የጥይቱን ዋጋ የሚያሳየን እሱ ነው።

እና ምን ይደረግ? ባለሥልጣን አይደለሁም፤ አስተማሪ ነኝ። የሚመስለኝን ግን ልናገር።

አንደኛ፣ ቆጠራ ሲወጣ ራስ ብቻ አትንገሩን። ስንት የደረሰ ወንድ፣ ስንት ሴት፣ ስንት ግልገል አለ? ከበጠጡ ናሙና እየተወሰደ በየጥቂት ዓመቱ የዘር ልዩነቱ ይመርመር። ለዚህ እንስሳውን መያዝም ማስደንገጥም አያስፈልግም፤ የወደቀውን መልቀም ነው። የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ይህን ለመሥራት የሚጓጓ ወጣት ሞልቷል።

ሁለተኛ፣ አንድ ተራራ ላይ ብቻ ያለ ዘር አንድ ወረርሽኝ ብቻ ነው የሚቀረው። ከባሌ እንማር። እዚያ ያለው ቀይ ቀበሮ ከውሻ በሚመጣ የእብድ ውሻ በሽታ በተደጋጋሚ ተመትቷል፤ ሌላ ተራራ ላይ ሌሎች ቀበሮዎች መኖራቸው ግን ሁሉን በአንድ ቀን ከማጣት ያድናል። ዋልያ ይህ የለውም። ስለዚህ ሁለተኛ መኖሪያ ማሰብ ግድ ነው እላለሁ።

ሦስተኛውና ዋናው፣ ሁለተኛ መኖሪያ ከታሰበ ለሥነ ሥርዓት ተብሎ አምስት ስድስት እንስሳ በመኪና ጭኖ ፎቶ መነሳት እንዳይሆን። ያዙልኝ ያልኳችሁን አስታወሱ? ጥቂት ሆኖ የሄደ ሁሉ የሆነ ነገር ትቶ ይሄዳል። ከሃያ ቅጂ በአንዱ የሚገኝ አንድ ጂን አለ እንበል። ስድስት እንስሳ ብቻ ብትወስዱ ያን ጂን ጨርሶ ያለመውሰድ ዕድላችሁ ከግማሽ በላይ ነው። አርባ ብትወስዱ ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞላም። አርባ ለመውሰድ ደግሞ መጀመሪያ ሰሜን ላይ ያለው መንጋ አርባ የሚሰጥ መሆን አለበት። ዛሬ መንጋውን መጠበቅና ነገ ሁለተኛ ቤት መሥራት አንድ ሥራ ናቸው የምለው ለዚህ ነው።

አራተኛ፣ ከገደሉ ጋር የሚኖረው ገበሬ ሣር ይታሰብለት። የእንስሳት መኖ የሌለው ሰው ፍየሉን ከፓርክ አያስወጣም። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ዋልያን ማሊያ ላይ አድርገነዋል፣ ብሔራዊ ቡድናችንን በስሙ ጠርተናል፣ ቢራም ሰይመንበታል። ኳስ ሲገባ «ዋልያዎቹ!» ብለን እንጮኻለን። ስሙ በመላው አገር ተሰራጭቷል፤ እሱ ግን አሁንም አንድ ገደል ላይ ነው። ስሙ ብቻ ቢቀር ከድንጋይ ላይ ጽሑፍ በምን ይለያል?

ልጅቷን በማግስቱ ኮሪደር ላይ አገኘኋት። «ቲቸር፣ ያ ቦሎቄ እኮ እንደገና ብንሞክረው ላይጠፋ ይችል ነበር» አለችኝ። ልክ ናት። ድሪፍት ማለት ውጤቱ አስቀድሞ የተጻፈ ነገር ማለት አይደለም። ዕጣውን ማዘዝ አንችልም፤ ፌስታሉን ማስፋት ግን እንችላለን። መቶ ፍሬ የያዘው ቡድን ከሌሎቹ የበለጠ ጎበዝ አልነበረም፤ ብዙ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን የእሷ ልጅ ስዕል ላይ ቀንዱን አይታ፣ «እማዬ፣ ይሄ ምን አጥፍቶ ነው የጠፋው?» ብትላት፣ መልሱ «ምንም አላጠፋም፤ ያጠፋነው እኛ ነን» እንዳይሆን ነው የምለፈልፈው።

ሐሳባችሁን ጻፉልኝ። በተለይ በሰሜን የኖራችሁ፣ በፓርኩ የሠራችሁ፣ የተሳሳትኩት ካለ አርሙኝ። ሌላው እንዲያነበው ካሰባችሁ ሼር አድርጉት።

ቸር ያሰማን።